ዱቄቱ ከመገዛቱ በፊት ድስቱ ይታይ

ጥያቄ፦ «ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የበግ ጸጉር ፈትለን፣ አቅልመን፣ ምንጣፍ የምንሠራ አሥራ አራት ሴቶች ነን። የማቅለሚያውን ውሃ የምንደፋው ቦይ ውስጥ ነው፣ ቦዩ ደግሞ ወንዝ ይገባል። ከታች ያሉ ሰዎች ከብቶቻችን ቀይ ውሃ እየጠጡ ነው ብለው ተቆጥተውናል። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ይማራል። ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ነጭ የናኖ ዱቄት ጨምረው ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጡት ውሃው እንደ ምንጭ ሲጠራ በስልኩ አሳየኝ። ዚንክ ኦክሳይድ የሚባለውን እኔው ከቅጠል ጭማቂ እሠራዋለሁ ይላል። ጉድጓድ ቆፍረን ዱቄቱን ብንጨምርበት ይበቃናል? ከጠራ በኋላስ ከብት ቢጠጣው ምን ችግር አለው?»

ምላሽ፦ አይበቃችሁም። ከብትም አይጠጣው። ቪዲዮው ውሸት አይደለም፣ ሰማያዊው ውሃ እውነትም ይጠራል። ነገር ግን በቪዲዮው ብርጭቆ ውስጥ ያለውና ከእናንተ ድስት የሚወጣው ውሃ አንድ አይደሉም። «ጠራ» እና «ነጻ» የሚሉት ቃላትም አንድ አይደሉም። በዚያ ላይ ልጁ ሊሠራው ያሰበው ዚንክ ኦክሳይድ ለሱፍ ማቅለሚያ ፍሳሽ ከሁሉም የማይሆነው ነው። ምክንያቱን ልንገርዎት።

መጀመሪያ ዱቄቱ ቀለም የሚመጥ ስፖንጅ አይደለም። ሥራውን የሚሠራው ብርሃን ነው፣ ዱቄቱ አቀባባይ ነው። በብዛት የሚጠናው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። አዲስ ነገር አይምሰልዎ፣ የግድግዳ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው እሱ ነው። አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ውሃ ውስጥ አስገብተው ብርሃን ሲያበሩበት ውሃን ሊሰነጥቅ እንደሚችል ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በቂ ጉልበት ያለው ብርሃን ሲያርፍበት ከውስጡ ኤሌክትሮን ይነሳል፣ ቦታውም ባዶ ይቀራል። የተነሳው ኤሌክትሮን ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይይዛል። ባዶው ቦታ ደግሞ ከውሃው ላይ ኤሌክትሮን ነጥቆ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ቁጡ ነገር ይፈጥራል። ይህ ራዲካል ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። የቀለሙን ሞለኪውል የሚሰባብረውም እሱ ነው። ችግሩ አይመርጥም። ውሃው ውስጥ ሳሙና ካለ ሳሙናውን፣ የበግ ቅባት ካለ ቅባቱን ይነክሳል፣ ቀለሙም ወረፋ ይጠብቃል። ከተነሱት ኤሌክትሮኖች ብዙዎቹ ደግሞ ምንም ሳይሠሩ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። እንደ ወሬው ፈጣን ያልሆነው ለዚህ ነው።

«ናኖ» የሚለውን ቃል ሰው እንደ አስማት ነው የሚሰማው። ትርጉሙ በጣም የደቀቀ ማለት ነው። በገበያ የታወቀው የቲታኒየም ዱቄት ቅንጣት 20 ናኖሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ናኖሜትር ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ። ሲደቅ ገጹ ይበዛል። የዚያ ዱቄት አንድ ግራም 50 ካሬ ሜትር ገደማ ገጽ አለው፣ የአንድ መለስተኛ ቤት ወለል ማለት ነው። ጥቅሙ ይኼ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፣ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

ስለ ፀሐዩ ደስ የሚል ነገር አለ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚነቃው ከ387 ናኖሜትር ባጠረ ብርሃን፣ ማለትም በአልትራቫዮሌት ነው። ከፀሐይ ጉልበት ውስጥ ይህ ከመቶ አምስት እጅ አይበልጥም። እናንተ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ከፍታው በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ በአሥር ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱም አያስቸግርም፣ ይህ ሥራ ሙቀት ብዙ አይፈልግም። የታኅሣሥ ውርጭ ካለፈ በኋላ ያለው ጠራራ ፀሐይ በደንብ ያገለግላል። ክረምት ላይ፣ ጉሙ ወርዶ ሲውል፣ ሥራው በጣም ይቀዘቅዛል። በሚታይ ብርሃን የሚሠሩ ዱቄቶችም አሉ። አንደኛው የማዳበሪያ ዩሪያን ተከድኖ ወደ 550 ዲግሪ በማሞቅ የሚገኝ ቢጫ ዱቄት ነው። ይህን ያነሳሁት ልጁ አንብቦት እንደሚሆን ስለጠረጠርኩ ነው። ሲሞቅ አሞኒያ ስለሚያወጣ ቤት ውስጥ እንዳይሞክረው!

አሁን ወደ ቁጥሩ። በእንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ላይ ያለው ሰማያዊ አብዛኛውን ጊዜ ሜቲሊን ብሉ ነው። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ብቻ ይጨመራል። ሌላ ምንም የለበትም። የእናንተን እናስላ። 5 ኪሎ ጸጉር በ150 ሊትር ውሃ አቀለማችሁ እንበል። መካከለኛ ቀለም እንዲይዝ ከጸጉሩ ክብደት 2 ከመቶ ቀለም ይፈልጋል፣ 100 ግራም። ጸጉሩ 85 ግራሙን ቢይዝ 15 ግራም ውሃው ውስጥ ይቀራል። ይህ በሊትር 100 ሚሊግራም ነው፣ ከቪዲዮው ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ። ልዩነቱ ደግሞ በእጥፍ ብቻ የሚቆጠር አይደለም። የጠቆረ ውሃ ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል። ከላይ ባለው ስስ ውሃ ላይ ያለው ዱቄት ሲሠራ ከሥር ያለው ጨለማ ውስጥ ተኝቷል። ጉድጓድ የማይሆነውም ለዚህ ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀይ ውሃ ውስጥ ዱቄት በትኖ ፀሐይን መጠበቅ ውሃ ወቀጣ ነው።

በትክክል ይሠራ ከተባለ ውሃው አምስት ሳንቲሜትር ያህል ተነጥፎ፣ እየተነቃነቀ፣ አየር እያገኘ መቆየት አለበት። በዚህ ጥልቀት አንድ ካሬ ሜትር ገበታ 50 ሊትር ይይዛል። የድስቱን 150 ሊትርና 300 ሊትር ማለቅለቂያ ብትደምሩ ለአንድ ቀን ማቅለም ብቻ 9 ካሬ ሜትር ገበታ ያስፈልጋችኋል። የተለመደው መጠን በሊትር አንድ ግራም ዱቄት ነው፣ ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። ያንን ዱቄት መልሶ መሰብሰብም አለ።

እዚህ ላይ ነው የደቀቀ መሆኑ የሚያስቸግረው። ዱቄቱ በነጠላ አይጠለልም፣ በሻሽም አይጠለልም። ከፊሉ ወተት መስሎ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያንን ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፣ ቀለሙን አውጥታችሁ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብናኝ አስገባችሁ ማለት ነው። ደረቁን ሲመዝኑም ሆነ ሲበትኑ ወደ ሳንባ ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በትንፋሽ የሚገባ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን «ለሰው ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» ከሚላቸው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ በእጅ እየተዘገነ የሚበተን ዕቃ አይደለም። ዱቄቱን መስታወት ላይ ወይም የሸክላ ንጣፍ ላይ ማጣበቅ ይሻላል፣ ግን የሱቅ ኮላ አይሆንም። በብርሃን የነቃው ዱቄት ኮላውንም ይበላዋል።

የልጁን ዚንክ ኦክሳይድ ለብቻው ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሱፍ የሚቀለመው በአሲድ ውስጥ ነው። እናንተም አቼቶ ወይም ሌላ አሲድ ሳትጨምሩ አትቀሩም። ዚንክ ኦክሳይድ ደግሞ አሲድ ውስጥ ይሟሟል። ዱቄቱን ስትጨምሩ ያልቃል፣ ውሃው ውስጥ የሚቀረው የሟሟ ዚንክ ነው። እሱም ዓሣንና የውሃ ውስጥ እንስሳትን ይጎዳል። ከቅጠል ጭማቂ መሠራቱ ይህን አይለውጠውም። «አረንጓዴ አሠራር» የሚባለው ዱቄቱ እንዴት እንደተሠራ ነው የሚናገረው፣ ወንዝ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይደለም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይበርታ። ግን ይህን ዱቄት ለእናንተ ድስት አይሥራ።

ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት ቀለም ሲጠፋ ብክለቱም ጠፋ የሚለው ሐሳብ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ተታልዬበታለሁ። ሰማያዊውን ውሃ በሁለት ሰዓት አጠራሁና ጓደኞቼን ጠርቼ አሳየሁ። መምህሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሲኦዲውን ለክተሃል?» ሲኦዲ ማለት ውሃው ውስጥ ያለውን የካርቦን ቆሻሻ አቃጥሎ ለመጨረስ የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን ነው። ስለካው ብዙም አልወረደም። በእናንተ ሥራ ልመስለው። አንድ ባና ቢተረተር ባናው የለም፣ ክሩ ግን እዚያው ተከምሯል። የቀለም ሞለኪውልም እንዲሁ ነው። ከሱቅ ከሚገዙት ቀለሞች ብዙዎቹ አዞ የሚባሉ ናቸው፣ ቀለማቸውን የሚሰጣቸው መሐል ላይ ያለ የሁለት ናይትሮጅን ድልድይ ነው። ድልድዩ ሲቆረጥ ዓይን የሚያየው ቀለም ይጠፋል። የቀሩት ቁርጥራጮች ግን ውሃው ውስጥ ናቸው። አየር በሌለበት፣ ለምሳሌ በተከደነ ጉድጓድ ጭቃ ውስጥ፣ ድልድዩ ሲበጠስ ከሚወጡት ቁርጥራጮች አንዳንዶቹ ካንሰር የሚያመጡ አሚኖች ናቸው። ቀለም አልባ ናቸው፣ ከብትም ባለ ከብትም አያውቃቸውም። ቀይ ውሃ ቢያንስ ያስጠነቅቃል።

ብርሃኑ በቂ ጊዜ ካገኘ ቁርጥራጮቹንም እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ድረስ ሊወስዳቸው ይችላል። ያ ግን ቀለሙ ከጠፋ በኋላ ብዙ ተጨማሪ ሰዓት ይፈልጋል። ብረትን ደግሞ ምንም ብርሃን አያጠፋውም። ቀለሙን ለማጽናት ብርቱካናማ የዲክሮሜት ጨው የምትጠቀሙ ከሆነ አሁኑኑ አቁሙ። ውስጡ ያለው ክሮሚየም የሚባል ብረት አይሰባበርም፣ መልኩን ይቀይራል እንጂ እዚያው ይኖራል። የቀለሙ እሽግ ምን እንደሆነ ካልተጻፈበትም አትግዙ።

እንግዲህ ምን ታደርጉ? ቀለሙን ወንዝ ላይ ከማሳደድ ድስቱ ውስጥ ጨርሱት። ይህን አጥብቄ ነው የምመክረው፣ ምክንያቱም ሱፍ ራሱ ከየትኛውም ናኖ ዱቄት የተሻለ ቀለም ያዥ ነው። አሲድ ውስጥ ሲገባ ጸጉሩ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ የሱፍ ቀለም ደግሞ ኔጋቲቭ ነው፣ ይሳሳባሉ። ከላይ ባሰላነው ድስት ከመቶ 85 እጅ የነበረው ከመቶ 98 እጅ ቢገባ ውሃው ውስጥ የሚቀረው ከ15 ግራም ወደ 2 ግራም ይወርዳል። በሊትር 13 ሚሊግራም ገደማ ነው። ያለምንም ናኖ ቪዲዮው ላይ ካለው ብርጭቆ ጋር እኩል ደረሳችሁ ማለት ነው።

ታዲያ እስካሁን ለምን አልገባም? አንዱን ምክንያት እገምታለሁ፣ ከፍታችሁ ነው። የሱፍ ማቅለሚያ መመሪያ ብዙውን ጊዜ «ወደ 100 ዲግሪ አፍልተህ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አቆይ» ይላል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ላይ ነው። መሀል ሜዳ ቢሆን ከዚያም ዝቅ ይላል። ሽሮው ቶሎ ፈላ እያላችሁ ባቄላው አልበስል ሲል የምታዩት ነገር ነው። ጊዜውን አርዝሙት። አንድ ሰዓት ተኩል አቆዩት፣ ድስቱን ክደኑት፣ እሳቱ አይዋዥቅ። ወደ መጨረሻው ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጸጉሩን ከፍ አድርጋችሁ አውጡና አቼቶ ጨምሩ፣ አማስሉትና ጸጉሩን መልሱ። ጸጉሩ ላይ በቀጥታ ካፈሰሳችሁት ይዥጎረጎራል። ከዩኒቨርሲቲ የአሲዱን ልክ የሚያሳይ የፒኤች ወረቀት ብታገኙ አራት አካባቢ እንዲሆን አድርጉ። ብርቱ አሲድ ከገበያ ገዝታችሁ አትሞክሩ፣ ዓይን ያጠፋል። ጸጉሩን አብዝታችሁ አታገላብጡት፣ ይቆላለፋል። ከዚያ እሳቱን አጥፍታችሁ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይደር። ሲቀዘቅዝም ይይዛል፣ የሚለቀለቅበት ውሃም ይቀንሳል።

ጠዋት ላይ ከድስቱ በነጭ ብርጭቆ ቅዱና እዩ። አሁንም ደማቅ ከሆነ ለመፍተል የማይሆነውን ቁርጥራጭና ብጣሽ ጸጉር አጥባችሁ ጨምሩበት፣ እንደገና አፍሉት። የተረፈውን ቀለም ይበላላችኋል። ቁርጥራጩ ደርቆ ለትራስ ወይም ለኮርቻ ሙሊት ይሆናል። ይህ እናንተ በነጻ ያላችሁ ማጣሪያ ነው፣ ለምን እንደማይወራ አላውቅም። ምናልባት ቪዲዮ ላይ ስለማያምር ይሆናል። ውሃውንም ወዲያው አትድፉ። ቀዩ ላይ ቀለም ጨምራችሁ ቀጣዩን ቡናማ ወይም ጥቁር አቅልሙበት። ለጥቁርና ለቡኒ ደግሞ የመንዝ በግ በተፈጥሮው ያለውን መልክ ተጠቀሙ። ያን ያህል ድስት ቀለም ከነአካቴው ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሃዎቹን አትቀላቅሉ። ጸጉሩ መጀመሪያ የታጠበበት ቅባትና ጭቃ ያለበት የሳሙና ውሃ ለብቻው ይሁን። የመጀመሪያው ማለቅለቂያ በበርሜል ይቀመጥና ለቀጣዩ ድስት መነሻ ይሁን። የኋለኛው፣ ደብዛዛው ማለቅለቂያ ነው በመጨረሻ የሚወጣው። ከመውጣቱ በፊት በኖራ ወይም በተነፋ አመድ አሲዱን አብርዱት። በአሉሚኒየም ሰልፌት ማዝቀጥን የሚመክር ሰው ይመጣል። ለአንዳንድ ቀለም ጥሩ ነው። በውሃ በደንብ የሚሟሟውን የሱፍ ቀለም ግን ብዙ አይጥለውም፣ የሚቀረው ዝቃጭም የሚጣልበት ይፈልጋል። የምድጃ ከሰልም ጥቂት ይመጥጣል፣ ለዚህ ተብሎ ከተዘጋጀው ከሰል ጋር ግን አይወዳደርም። የመጠጠው ከሰል ጓሮ እንዳይበተን። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና ብረት በፀሐይ የሚጠቀም ዘዴም አለ፣ አሲዳማ ውሃ ይወዳል፣ ለሱፍ ፍሳሽም ይስማማል። ነገር ግን ጠንካራው ፐሮክሳይድ ቆዳ ያቃጥላል። የሠለጠነ ሰው ላለው ፋብሪካ ይሁን፣ ለእናንተ አልመክረውም።

ናኖውስ? ቦታ አለው፣ መጨረሻ ላይ። ደብዛዛው ማለቅለቂያ ስስ ገበታ ላይ ሲነጠፍ፣ ቲታኒየሙ መስታወት ላይ ተጣብቆ፣ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ጋር ቢሞከር ደስ ይለኛል። ለልጁ የመመረቂያ ሥራም ይሆናል። ሲሞክር አንድ ብርጭቆ አይበቃም። አንደኛው ዱቄቱ ገብቶ ፀሐይ ላይ፣ ሁለተኛው ዱቄት ሳይኖረው ፀሐይ ላይ፣ ሦስተኛው ዱቄቱ ገብቶ ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ። ጨለማው ውስጥ ያለውም ከጠራ ዱቄቱ ቀለሙን ገጹ ላይ ለጠፈው እንጂ አልሰበረውም። ያለ ዱቄት ፀሐይ ላይ ያለው ከጠራ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ብርሃን የማይችል ነው፣ ምንጣፋችሁም ደጅ ቢሰጣ ይነጣል። ሜቲሊን ብሉንም ይተው፣ ኦክስጅን ሲያጣ ሳይሰበር ቀለሙን ሊያጣና አየር ሲያገኝ ተመልሶ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። የእናንተኑ ቀለም ይጠቀም። በስተመጨረሻም ዓይኑን ሳይሆን ሲኦዲውን ይመን።

ስለ ከብቶቹ። የትኛውም ማጣሪያ ቢሠራ የማቅለሚያ ውሃ ለከብት መጠጥ አይሆንም። በርካሽ የሚሞከር አንድ ነገር አለ፦ ሃያ የጎመን ዘር በንጹህ ውሃ፣ ሃያ ደግሞ በተጣራው ውሃ በራሰ ጨርቅ ላይ አብቅሉ። በተጣራው ላይ ያልበቀለው ከበዛ ውሃው ገና ነው። ሁሉም ቢበቅል ግን ለመጠጥ ሆነ ማለት አይደለም፣ ዘሩ የሚነግራችሁ መጥፎውን ብቻ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከል ይከለክላል፣ አነስተኛ ማኅበር መሆናችሁ ነገ ክስ ቢመጣ ብዙ አያስጥላችሁም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቦዩ መድፋቱን አቁሙ። ቀለም ያለበትን ውሃ በበርሜል ያዙት፣ ለቀጣዩ ድስት ይሁን። ከታች ያሉትን ሰዎችም ጠርታችሁ ድስቱንና በርሜሉን አሳዩአቸው። የከብቶቻቸውን ማጠጫ ደግሞ ለጊዜው ቦዩ ወንዙን ከሚገናኝበት በላይ ያድርጉት።